የኮስሚክ ጨረርን ዱካ በደብረ ማርቆስ ለማየት

የኮስሚክ ጨረር ከጠፈር የሚመጡ ጥቃቅን ቅንጣቶች ነው። ከተማዋ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች በባሕር ወለል ካለው ይበልጥ ጨረር ይደርሳታል።

በግልጽ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ወለሉ ላይ ቁራጭ ባና በክር እሰሩ (ሙጫን አልኮል ያሟሟዋል)። ባናውን በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል አርሱት፤ ለቁስል የሚሸጠው 70 በመቶው ውሃ ስለበዛበት አይሆንም። ከሰል ምድጃ አርቁ! አፉን ጥቁር በተቀባ ጠፍጣፋ ብረት ከድናችሁ ዙሪያውን በናስትሮ አሽጉ። ገልብጣችሁ ብረቱን ደረቅ በረዶ (በቅዝቃዜ የጠጠረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ላይ አሳርፉ። በረዶው ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ስለሆነ ጓንት አድርጉ፤ ከበረዶው የሚወጣው ጋዝ እንዳያፍናችሁም መስኮት ክፈቱ።

የአልኮሉ ተን ብረቱ አጠገብ ቀዝቅዞ ጭጋግ ይሠራል፤ ቅንጣት ሲያልፍበት መስመር ይተዋል። ከ10 ደቂቃ ገደማ በኋላ ባትሪ ከጎን አብሩ። ረጅምና ቀጥ ያለው ቀጭን መስመር ብዙውን ጊዜ ሚዩዮን (ከኮስሚክ ጨረር የሚፈጠር ቅንጣት) ነው፤ አጭርና ወፍራሙ አልፋ ቅንጣት (የሂሊየም አቶም እምብርት)፣ የሚጠማዘዘው ኤሌክትሮን። ጭጋጉ ከተናወጠ አየር እየገባ ነውና ናስትሮውን ደግማችሁ ፈትሹ።