የኳርክና የሌፕተን ሞዴሎችን ሲያነቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኳርኮች እንደ ፕሮቶን ያሉ ቅንጣቶች የሚሠሩባቸው መሠረታዊ ቅንጣቶች ናቸው፤ ሌፕተኖች ደግሞ ኤሌክትሮን፣ ሙዮን፣ ታውና ኒውትሪኖዎች ናቸው። እዚህ የምናወራው የእነዚህን መጠነ ቁስና ቅይጥ ለማስረዳት ስለሚሞክሩ ሞዴሎች ነው። በብዛት የሚሰማው ስህተት «ሂግስ ቦዞን የተባለው ቅንጣት በ2012 እ.ኤ.አ. ከተገኘ ወዲህ የመጠነ ቁስ ጥያቄ ተፈቷል» የሚለው ነው። አልተፈታም። ሂግስ፣ ሌሎች ቅንጣቶች እንዴት መጠነ ቁስ እንደሚያገኙ እንጂ ስንት እንደሚያገኙ አይነግረንም። ኤሌክትሮን 0.511፣ ሙዮን 105.7፣ ታው ደግሞ 1,777 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣቶች መጠነ ቁስ የሚለካበት አሃድ) ገደማ ነው። የኤሌክትሪክ ቻርጃቸው ግን አንድ ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ልዩነት ከየት መጣ? ስታንዳርድ ሞዴል፣ ማለትም ዛሬ ተቀባይነት ያለው የቅንጣቶች ንድፈ ሐሳብ፣ ቁጥሮቹን ከሙከራ ተቀብሎ ያስገባቸዋል፣ በቃ። የሞዴል ሠሪዎች ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሌላው ቁጥሮችን ከሰንጠረዥ አንስቶ እንዳሉ ማወዳደር ነው። የኳርክ መጠነ ቁስ እንደምናይበት የኃይል ደረጃ ይለያያል። ቦተም ኳርክ (ከኳርኮቹ አንዱ) በራሱ መጠነ ቁስ የኃይል ደረጃ 4.18 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት (አንድ ጊጋ 1,000 ሜጋ ነው) ይመዝናል፤ ከዚያ ከፍ ባለው በዜድ ቦዞን (ሌላ ከባድ ቅንጣት) ደረጃ ወደ 2.8 ይወርዳል። ታው ግን ከ1.7 ብዙም አይርቅም። አንዳንድ የውህደት ሞዴሎች (የተፈጥሮ ኃይሎችን ወደ አንድ የሚያመጡ) «ቦተምና ታው እኩል ናቸው» ሲሉ እጅግ ከፍ ባለ ኃይል ላይ ማለታቸው ነው። ሰንጠረዥ አይቶ «ሞዴሉ ወደቀ» ማለት ችኮላ ነው።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን በውበት ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ሊቃውንቱ ሃሪሰን፣ ፐርኪንስና ስኮት ለኒውትሪኖ ቅይጥ (የኒውትሪኖ ዓይነቶች እርስ በርስ ለሚቀላቀሉበት መጠን፣ በሦስት ማዕዘኖች የሚገለጽ) አንድ ንድፍ አቀረቡ። የአንዱ ማዕዘን ሳይን ስኩዌር ሲሶ፣ የሌላው ግማሽ፣ ሦስተኛው ማዕዘን ራሱ ዜሮ። ከጊዜው ልኬት ጋር ልክክ አለ። ብዙ ሞዴሎችም ይህንን ንድፍ ከቴትራሄድሮን (አራት ባለ ሦስት ማዕዘን ገጾች ያሉት ቅርጽ) ሲሜትሪ ለማውጣት ተሠሩ። በመጋቢት 2012 እ.ኤ.አ. ቻይና ያለው የዳያ ቤይ ሙከራ ሦስተኛው ማዕዘን ዜሮ ሳይሆን ወደ 9 ዲግሪ እንደሚጠጋ አሳወቀ። ብዙም ሳይቆይ የደቡብ ኮሪያው የሬኖ ሙከራ አረጋገጠው። ከዚያ በኋላ ማስተካከያ የተጨመረላቸው ሞዴሎች አሉ። እነዚህን ሲያነቡ ነፃ ቁጥሮቹን (ከልኬቱ ጋር እንዲስማማ በእጅ የሚመረጡትን) ይቁጠሩ። ስድስት ልኬት ለማስረዳት ስድስት ነፃ ቁጥር የሚጠይቅ ሞዴል፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ምንም አላስረዳም።

ሌፕተኖች እንደ ኳርኮች በጥቂቱ ይቀላቀላሉ ብሎ መጠበቅም አያዋጣም። የኳርኮቹ ትልቁ የቅይጥ ማዕዘን 13 ዲግሪ ነው፤ ከሌፕተኖቹ አንዱ 45 አካባቢ ነው።

ይህን ሁሉ አይቶ «የቁጥር ጨዋታ ነው» ብሎ መተውስ? እሱም ስህተት ነው። የዳውን ኳርክን መጠነ ቁስ ለስትሬንጅ ኳርክ መጠነ ቁስ አካፍለው ስኩዌር ሩት ሲያወጡ 0.22 ገደማ ያገኛሉ። የ13 ዲግሪው ሳይንም ያው ነው። የሁለቱን ኳርኮች መጠነ ቁስ በሚወስነው ሲሜትሪክ በሆነ የሁለት በሁለት ማትሪክስ (የቁጥሮች ሰንጠረዥ) የመጀመሪያው ቦታ ላይ ዜሮ ቢያስቀምጡ ይህ ግንኙነት በራሱ ይወጣል። ዜሮውን እዚያ ያስቀመጠው ምንድን ነው የሚለው ገና ክፍት ጥያቄ ነው።