በስኩተር ከፒያሳ እስከ ጢያ፦ ረጅም የገጠር ጉዞ እንዴት ይሠራል?

ስኩተር መንዳት የለመድኩት ጣሊያን ሀገር ነው። ቶስካና ውስጥ አራት ዓመት ስኖር መኪና የመግዛት አቅም አልነበረኝም። ቤት ያከራዩኝ አዛውንት ጋራዣቸው ውስጥ አቧራ የጠገበ ቬስፓ ነበራቸው። እሱን በርካሽ ገዛሁና በየሳምንቱ ቅዳሜ ገጠር መውጣት ጀመርኩ። ከፍሎረንስ ሲየና የሚወስደውን፣ በወይን እርሻ መሀል የሚጠማዘዘውን መንገድ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩበት አላውቅም።

ቬስፓ ማለት በጣሊያንኛ ተርብ ነው። በ1946 እ.ኤ.አ. እዚያው ቶስካና ውስጥ ፖንቴዴራ በምትባል ከተማ ተሠራ። ንድፉን ያወጡት ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበሩ። ሞተር ሳይክል አይወዱም ነበር ይባላል። ለዚህም ይመስላል ስኩተር ላይ እግር ዘርግቶ የሚቀመጡት፤ ሞተሩ ተሸፍኗል፣ ልብስም ዘይት አይነካውም።

አዲስ አበባ ተመልሼ ስኩተር ስገዛ የፒያሳ ጓደኞቼ ሳቁብኝ። «በዚህች መጫወቻ ነው ክፍለ ሀገር የሚኬደው?» አዎ፣ ይኬዳል። ግን ቶስካና ላይ የሠራው ሁሉ እዚህ አይሠራም። አየሩ ይሳሳል፣ ቁልቁለቱ ይረዝማል፣ ወረቀቱም ይለያል። ከወረቀቱ እንጀምር።

1. መጀመሪያ ወረቀት

ከሰኔ 2011 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ አዲስ አበባ በሞተር ሳይክል ላይ ገደብ ጥላለች። ስለዚህ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት «በዚህ ታርጋ ከተማ ውስጥ መንዳት እችላለሁ ወይ? ምን ፈቃድ ያስፈልገኛል?» ብላችሁ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ድረስ ሄዳችሁ ጠይቁ። ሻጩን አትጠይቁ። ለሻጭ ሁሉም ነገር «ችግር የለውም» ነው።

የመኪና መንጃ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፤ የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከሱ ጋር ሊብሬ፣ የሦስተኛ ወገን መድን፣ የታደሰ ቦሎ እና መታወቂያ ያዙ። ሁሉንም በላስቲክ ጠቅልላችሁ መቀመጫው ሥር አስቀምጡ። ኬላ ላይ ሲጠየቅ ሳይቅለሰለሱ ቶሎ ማውጣት ግማሽ ሰላምታ ነው።

ይህን የምታነቡት ውጭ ሀገር ሆናችሁ ከሆነ የየሀገሩን ደንብ ቀድማችሁ እወቁ። ጣሊያን ውስጥ ለምሳሌ 50 ሲሲ ስኩተር አውቶስትራዳ አይገባም። የአውቶስትራዳ ምልክት አረንጓዴ ነው፤ የተራው ዋና መንገድ ሰማያዊ። እኔ አረንጓዴ ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ። ገጠሩ ያለው በሰማያዊው በኩል ነው።

2. ስኩተሩን ማወቅ

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ስጡ። መንገድ ላይ የሚያስለቅሰው ቤት ውስጥ የታለፈው ነገር ነው።

አውቶማቲክ ስኩተር ሰንሰለት የለውም። ጉልበቱን ከሞተር ወደ ኋላ ጎማ የሚያስተላልፈው ቺንጊያ ነው፣ የጎማ ቀበቶ። ቺንጊያ ሲበጠስ ሞተሩ ይጮሃል፣ ስኩተሩ ግን አይንቀሳቀስም። ክዳኑን አስከፍታችሁ እዩት። ከተሰነጣጠቀ፣ ከሳሳ ወይም ዳሩ ከተበላ ይቀየር። አዲስም ብትቀይሩ አንድ መለዋወጫ መቀመጫ ሥር ይኑር። ለምን እንደሆነ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ቀጥሎ ጎማ። የስኩተር ጎማ ትንሽ ነው፣ 10 ወይም 12 ኢንች ያህል። መኪና ሳይሰማው የሚያልፈው ጉድጓድ ለእናንተ ገደል ነው። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ይዛችሁ አትውጡ። ነፋሱን ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ አስለኩ።

ፍሬን። ብዙ ስኩተር ከኋላ የሚሠራው በፍሬን ሸራ ነው። ሸራው ቀጭን ከሆነ እንጦጦን ስትወርዱ ሽታው ይነግራችኋል፤ ያኔ ግን ረፍዷል።

ካንዴላ፣ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚለኩሰው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው የተቀመጠችው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚሰጠው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። ካርቡሬተር ያለው ስኩተር ከሆነ ደግሞ ለአየሩ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ካንዴላውን ፈታችሁ እዩ። ጥላሸት ለብሶ ከጠቆረ ካርቡሬተሩ እንዲስተካከል ለመካኒክ ንገሩ። በነገራችን ላይ ካንዴላ፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ ቺንጊያ፣ ጎሚስታ፣ ቦሎ ሁሉም የጣሊያን ቃል ነው። ቶስካና ጋራዥ ስገባ ቋንቋውን ሳልችል ግማሹን ወሬ የሰማሁት ለዚህ ነው።

መካኒክ ከየት ይገኛል ካላችሁ፣ የኔው የነበረው ዶሮ ማነቂያ ነው። ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ሌላ ፈልጌያለሁ። ሞተር ሳይክል ብቻ የሚሠራ ያዙ። መኪናም ባጃጅም ሞተርም እሠራለሁ የሚል ሰው ስኩተር ላይ እጁ ይከብዳል።

ኤሌክትሪክ ስኩተር ለከተማ ግሩም ነው። ለረጅም ገጠር ግን ዳገቱ ባትሪውን ቶሎ ይበላዋል፣ ቻርጁም ሰዓታት ይፈጃል። ገጠር ላይ ሶኬት ለመለመን ካልፈለጋችሁ ቤንዚኑን ያዙ።

3. እንጦጦ ላይ ተፈተኑ

ረጅም ጉዞ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ እሑድ ጠዋት በሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ውጡ። መንገዱ አጭር ነው፣ ፈተናው ግን ሙሉ ነው። ስኩተራችሁ ዳገቱን ካልወጣ ገጠርም አይወጣም። ልትይዙ ያሰባችሁትን ዕቃ ሁሉ ጭናችሁ ሞክሩት።

ዋናው ትምህርት ያለው ግን መውረዱ ላይ ነው። ማርሽ ያለው ሞተር ሳይክል ማርሽ ቀንሶ በሞተሩ ይይዛል። አውቶማቲክ ስኩተር የሚቀየር ማርሽ ስለሌለው ብዙዎች ፍሬን ጨብጠው ይወርዳሉ። ፍሬኑ ይግላል፣ ከጋለ ደግሞ አይዝም። መፍትሔው ይህ ነው፦ ሁለቱንም ፍሬን ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ አድርጉ። ፍጥነታችሁ በጣም ሲወርድ ሞተሩን ከጎማው የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ይለቃል፣ ስኩተሩም ያለ ሞተር ይንሸራተታል። ያኔ ቅንጣት ነዳጅ ሰጥታችሁ ፍሪሲዮኑ እንዲነክስ አድርጉ። ትንሽም ቢሆን ሞተሩ ይይዛችኋል። እኔ ይህን ያወቅሁት የመጀመሪያ ቀን ሽሮ ሜዳ ስደርስ የኋላ ፍሬኔ እንደ ተቃጠለ ጎማ ሸትቶ ነው። የሀገር ልብስ የሚሸጡት ሴቶች «ምን እየተቃጠለ ነው?» አሉ። ዝም ብዬ አለፍኩ።

4. መቼ ይወጣል?

ሐምሌና ነሐሴን ተዉት። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለውን የሚያክል የለም። አደይ አበባው፣ ጤፉ፣ የታጠበው አየር። ከታኅሣሥ እስከ የካቲትም ይሆናል፤ ጠዋት ላይ ግን ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፣ ጓንት አትርሱ።

ከማለዳው 12 ሰዓት ተነሡ። ከከተማ የምትወጡት ሚኒባሱ ሳይነቃ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ ቀላል ስኩተር ደግሞ በነፋስ ይወዛወዛል። ከምሽቱ 11 ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ አትገኙ። መብራት የሌለው ጋሪ፣ አስፋልት ላይ የተኛ ከብት፣ ረጅም መብራቱን የማይቀንስ ጭነት መኪና አለ። የጨለማ መንገድ ለስኩተር አይደለም፣ በቃ።

ዋዜማውን ማታ ደግሞ ስለ ሰላሙ ጠይቁ። ካርታ ይህን አይነግራችሁም። ጠዋት ከዚያ መስመር የመጣ ሾፌር ግን ያውቃል። መናኸሪያ ሄዳችሁ ወይም ደውላችሁ «መንገዱ እንዴት ነው?» በሉ። «አረ ተዉት» ካላችሁ ተዉት። ጢያ የትም አትሄድም።

5. ለመጀመሪያ ጊዜ የት?

ከመሀል ከተማ ብዙ መውጫ አለ። ለጀማሪ የምመክረው የቡታጅራን መስመር ነው። ከፒያሳ ቸርችልን ወርዳችሁ፣ በሜክሲኮ፣ በጦር ኃይሎች፣ በአየር ጤና አድርጋችሁ ዓለም ገና ትደርሳላችሁ። እዚያ የጅማውን መንገድ ትታችሁ ወደ ግራ ወደ ቡታጅራ ትታጠፋላችሁ። ከዚያ በኋላ ሜዳ ነው፤ ሰማዩ ይሰፋል።

50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ መልካ ቁንጡሬ አለ፣ አዋሽን የምትሻገሩበት። የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያ በብዛት የተገኘበት ቦታ ነው፤ በ2024 እ.ኤ.አ. በአቅራቢያው ካለው ባልጪት ጋር በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ትንሽ ሙዚየም አለው። ሞተሩም እናንተም የምታርፉት እዚህ ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ካላችሁ ከዐለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም አለች፤ ወደዚያ ግን ጠጠር መንገድ ነው፣ ቀስ በሉ።

ጢያ ከአዲስ አበባ 80 እና 90 ኪሎ ሜትር መሀል ነው። ትክል ድንጋዮቹ በ1980 እ.ኤ.አ. ነው ዩኔስኮ የመዘገባቸው። 36 ናቸው፣ 32ቱ ተቀርጾባቸዋል፣ ብዙዎቹ ላይ ሰይፍ አለ። በስኩተር ደርሶ መልስ አንድ ሙሉ ቀን ነው። በመኪና የሄዱ ወዳጆቼ ግማሽ ቀን ነው ይላሉ። ይበሉ። እነሱ መንገዱን አላዩትም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በሰዓት ከ50 እስከ 60 ኪሎ ሜትር ንዱ፣ በየ40 ኪሎ ሜትሩ ዕረፍት ውሰዱ፣ በቀን ከ180 አትለፉ። አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ከ2 እስከ 3 ሊትር ይጠጣል። ታንኩ ግማሽ ሲሆን ማደያ ካገኛችሁ ቅዱ። ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ መንገድ ዳር ታያላችሁ፤ ውሃ ይቀላቀልበታልና የመጨረሻ አማራጭ አድርጉት። ማደያ ክፍያው በስልክ ስለሆነ ስልካችሁ ከሞተ ነዳጅም የለም። ፓወር ባንክ ያዙ።

6. ሲነዱ

አህያ ወደ መንገድ ከገባች ትቆማለች። ፍየል ግን ሐሳቧን ትቀይራለች። አንድ በግ ከተሻገረ ሌላው ይከተላል፤ ክፍተቱን አይታችሁ አትግቡ። ውሻ ሲያሳድድ ነዳጅ አትጨምሩ፣ ቀስ ብላችሁ በእኩል ፍጥነት እለፉ፣ ይሰለቸዋል። ገበያ ቀን ከሆነ ከተማው መግቢያ ላይ በእግር ፍጥነት ሂዱ። ቀብር ካጋጠማችሁ ዳር ይዛችሁ ቁሙ፣ ሞተር አጥፉ፣ ሄልሜት አውልቁ።

ከኋላ ትልቅ ጭነት መኪና ሲመጣ አትፎካከሩ። ቀኙን ይዛችሁ አሳልፉት። ሲያልፍ የሚፈጥረው ነፋስ ስለሚስባችሁ መሪውን በሁለት እጅ ያዙ።

ሰላምታ ስጡ። ሄልሜታችሁን ገልጣችሁ በኦሮምኛ «አካም» በሉ፣ ሲረዷችሁ «ገለቶማ» በሉ። ወደ ጢያ ስትቃረቡ ደግሞ ሶዶ ጉራጌ ነው። ልጆች ስኩተሩን ይከቡታል፣ ይነኩታል፣ ጥሩምባውን ይነፋሉ። አንድ ጊዜ እንዲነፉ ፍቀዱ። ሁለተኛ ከፈቀዳችሁ ቀኑ አለቀ።

7. ሲበላሽ

ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የክዳኑን ብሎን የሚፈታ ቡሶላ፣ ካንዴላ፣ ሽቦ፣ የጎማ መለጠፊያ እና ትንሽ ፓምፕ። ይህ ብቻ ይበቃል።

አሁን ወደ ቺንጊያው። አንድ ጥቅምት ከመልካ ቁንጡሬ አለፍ እንዳልኩ ሞተሩ ጮኸ፣ ስኩተሩ ቆመ። ከሳምንት በፊት «አዲስ ነው» ተብዬ የገዛሁት ቺንጊያ ነበር። ለካ መደርደሪያ ላይ ዓመታት ተቀምጦ ደርቋል። መለዋወጫ አልያዝኩም። አንድ ገበሬ በሬዎቹን አቁሞ መጣ፣ ክዳኑን አብረን ከፈትን፣ ሁለታችንም ተያየን። ከዚያ ቤቱ ወሰደኝና ቡና ተፈላ። ሦስተኛው ሳይጠጣ ወዴት ይኬዳል? ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ አይሱዙ እስኪገኝ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ስኩተሩን ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ጫንነው። ፒያሳ ስደርስ እኔም ስኩተሩም ሽንኩርት ሸተትን።

ስለዚህ ቺንጊያ ስትገዙ እጠፉት። ለስላሳ ሆኖ ከታጠፈ ደህና ነው። ውስጡ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካሳየ ለሻጩ መልሱለት።

8. ከተመለሱ በኋላ

ማታ ስኩተሩ ሥር ካርቶን ዘርግታችሁ አሳድሩት። ጠዋት ዘይት ነጥቦበት ከሆነ ቦታውን በእስክሪብቶ አክብቡና ካርቶኑን ይዛችሁ ወደ መካኒኩ ሂዱ። «የሆነ ነገር እየፈሰሰ ነው» ከማለት ይሻላል። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ውሃ በኃይል አትርጩ፣ ወደ ቺንጊያው ክዳን ውስጥ ይገባል። ከዚያ ቆጣሪውን አይታችሁ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄዳችሁ መቀመጫው ሥር ባለችው ደብተር ጻፉ። የኔ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ እስካሁን ሽንኩርት ይሸታል።