ነርቮቻችን እንዴት እንደሚነጋገሩ በገዛ ገላችን መፈተሽ

የነርቭ ትምህርት ከመጽሐፍ ብቻ ሲነበብ ያፈዛል። ስሙ ብዙ ነው፣ ሥዕሉ ጭራና ቅርንጫፍ ይበዛበታል፣ ሲነጋ ግማሹ ከጭንቅላት ጠፍቷል። እኔ የምነግራችሁ ሌላ መንገድ ነው። የሚያስፈልጋችሁ ቡና ሊጠጣ የተሰበሰበ ጎረቤት፣ የ30 ሳንቲሜትር ማስመሪያ፣ ሰዓት የሚይዝ ስልክና እፍኝ ቆሎ ነው። ደሴም ሆነ መርሳ፣ ወልድያም ሆነ ኩታበር ይኼ አይጠፋም። ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህርም ይኼንኑ ይዞ ክፍል መግባት ይችላል።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። በነርቭ ውስጥ የሚሄደው መልእክት የትም ቦታ አንድ ዓይነት ነው። የዓይን ነርቭም፣ የእግር ጣት ነርቭም የሚልኩት ያንኑ አጭር የኤሌክትሪክ ምት ነው። ልዩነት የሚመጣው ምቱ በየት በኩል እንደሄደና መድረሻው ላይ የትኛውን ኬሚካል እንዳስለቀቀ ነው።

ደረጃ 1፦ ካርታውን በአጭሩ ያዙ

ማዕከሉ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ነው። ከማዕከሉ ወጥቶ ገላን የሚያዳርሰው ደግሞ ዳርቻው ነው። ከአንጎል 12 ጥንድ፣ ከሕብለ ሰረሰር 31 ጥንድ ነርቮች ይወጣሉ። ከዳርቻው ነርቮች ከፊሉ በፈቃዳችን የሚሠራ ነው፤ ስኒ ስታነሡ እሱ ነው። ሌላው ሳንጠይቀው ልብን፣ አንጀትን፣ የዓይን ብሌንን ያስተዳድራል። ይኼኛው ሁለት ክንፍ አለው። ማታ ከደጅ ጅብ ሲጮህ ልባችሁን የሚያስሮጠው አንዱ፣ ገንፎ በልታችሁ ጋደም ስትሉ የሚያረጋጋችሁ ሌላው። ካርታው ለጊዜው ይኼን ካወቃችሁ ይበቃል።

ደረጃ 2፦ ጉልበትን መታ ማድረግ

አንድ ሰው ከፍ ያለ ወንበር ላይ ይቀመጥና እግሩን ያንጠልጥል። ከጉልበቱ ሎሚ ሥር ስትዳስሱ ጠንከር ያለ ጅማት ታገኛላችሁ። በእጃችሁ ጠርዝ ቀለል አድርጋችሁ መታ አድርጉት። እግሩ ወደ ፊት ፈንጠር ይላል።

የሆነው እንዲህ ነው። ጅማቱ ሲመታ የጭኑ የፊት ጡንቻ በጥቂቱ ይለጠጣል። በጡንቻው ውስጥ ያለው የስሜት ነርቭ ምት ይልካል። ምቱ ወገብ አካባቢ ሕብለ ሰረሰር ይገባና እዚያው ለአንቀሳቃሽ ነርቭ ያስረክባል። አንቀሳቃሹም ጡንቻውን ያኮማትረዋል። በመሀል ያለው መገናኛ አንድ ብቻ ነው። አንጎል ወሬውን የሚሰማው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። በዚያው ቅጽበት ሌላ ትንሽ ነርቭ ደግሞ የጭኑን የኋላ ጡንቻ «አንተ ላላ» ይለዋል። አለዚያ ሁለቱ ጡንቻዎች ይጓተቱ ነበር። እንግዲህ ነርቭ የሚያዘው «ሥራ» ብቻ አይደለም፤ «ተው»ም ይላል።

እግሩ አልፈነጥርም ካለ አትደንግጡ፤ ጤነኛ ሆኖ ምላሹ ደከም ያለ ሰው ብዙ ነው። የሁለት እጁን ጣቶች አቆላልፎ ግራና ቀኝ እንዲጎትት ንገሩትና እየጎተተ ሳለ ምቱት። አሁን እግሩ የበለጠ ይፈነጥራል። ትእዛዙን የሰጠው ሕብለ ሰረሰር ቢሆንም፣ ማጥበቂያና ማላሊያው ከላይ እንደሆነ በዚህ ታያላችሁ። ይኼን አትርሱት፤ ጓያ ላይ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ደረጃ 3፦ ማስመሪያ መቅለብ

የሚፈተነው ሰው ክንዱን ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ከፈት ያድርግ። ሌላው ሰው የማስመሪያው ዜሮ በጣቶቹ መሀል እንዲሆን አድርጎ ከላይ ይያዝና ሳይናገር ይልቀቀው። 15 ሳንቲሜትር ላይ ከያዘው 0.17 ሰከንድ ገደማ ፈጅቶበታል። 20 ላይ ከሆነ 0.20፤ 30 ላይ ከሆነ ወደ 0.25።

ከጉልበቱ ይልቅ ለምን ዘገየ? ምቱ ረጅም ዙር ስለሚዞር ነው። ከዓይን ተነሥቶ ወደ ማጅራት በኩል ባለው የአንጎል ክፍል ይታያል፤ ከዚያ ውሳኔ፤ ከዚያ ትእዛዝ፤ ከዚያ ሕብለ ሰረሰር፤ መጨረሻ ላይ የክንድ ጡንቻ። አብዛኛው ጊዜ የሚባክነው አንጎል ውስጥ ነው። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ሕግ ጨምሩበት። ለቃቂው ሲለቅ «ቡና» ካለ ያዝ፣ «ሻይ» ካለ ተው። ጎበዝ የተባለው ሁሉ ማስመሪያው ያመልጠዋል። መንገዱ ብዙም አልረዘመም፤ የከበደው ምርጫው ነው።

በኅዳር ጠዋት ደሴ ላይ ብትሞክሩት ደግሞ ሌላ ነገር ታያላችሁ። ነርቭ ብርድ አይወድም። የነርቩ ሙቀት አንድ ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር የምቱ ፍጥነት በሰከንድ 2 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ጡንቻውም ይደነዝዛል። በጠዋት የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ የሚያታግለን ለዚህ ነው። ሐረጎን ወርዳችሁ ከሰዓት ኮምቦልቻ ላይ ድገሙትና ውጤቱን አስተያዩ።

ደረጃ 4፦ ፍጥነቱን መለካት

ከሁሉም የሚጥመኝ ይኼ ነው። አሥር አሥራ አምስት ሰው ምንጣፍ ላይ በክብ ይቀመጥና ዓይኑን ይጨፍን። እያንዳንዱ የሚቀጥለውን ሰው ትከሻ ይያዝ። ስልክ የያዘው ሰው ሰዓቱን ሲያስጀምር እኩል የጎረቤቱን ትከሻ ጫን ያድርግ። የተጫነ ሁሉ የሚቀጥለውን ይጫን። ዞሮ ባለስልኩ ጋ ሲደርስ ሰዓቱ ይቁም። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ሳቅ ብቻ ናቸው። ጊዜው መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ ደጋግሙት።

ቀጥሎ ያንኑ ቁርጭምጭሚት ይዛችሁ ድገሙት። (ሴትና ወንድ፣ ታላቅና ታናሽ ባለበት ቤት እግር መያዝ ደስ ካላለ ክቡን ለሁለት ክፈሉት። ለሳይንስ ብሎ እማማን ማሳፈር አያስፈልግም።) የቁርጭምጭሚቱ ዙር ይዘገያል። በሁለቱም ጊዜ አንጎል ያው፣ የሚጫነውም እጅ ያው ነው። የተጨመረው ከቁርጭምጭሚት እስከ ትከሻ ያለው መንገድ ብቻ ነው። ስለዚህ ልዩነቱን ለሰው ብዛት አካፍሉ። እንበል 15 ሰው ሆናችሁ ልዩነቱ 0.4 ሰከንድ መጣ። ለአንድ ሰው 0.027 ሰከንድ ገደማ ይደርሰዋል። ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት 1.2 ሜትር ከሆነ ፍጥነቱ በሰከንድ 45 ሜትር ያህል ነው።

ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1850 የእንቁራሪት ነርቭ ላይ የሠራው በዋናው ሐሳቡ ይኼንኑ ነው። አንዱን ነርቭ ቅርብና ሩቅ ቦታ ላይ እየቀሰቀሰ ልዩነቱን ለካ፤ በሰከንድ ወደ 27 ሜትር አገኘ። ከዚያ በፊት የራሱ መምህር ዮሃንስ ሙለር ሳይቀር ይኼ ፍጥነት ሊለካ አይችልም ይል ነበር።

ምቱ ራሱ ምንድን ነው? ሥራ ያልያዘ የነርቭ ሕዋስ ውስጡ ከውጭው ይልቅ 70 ሚሊቮልት ያህል አሉታዊ ነው። ሶዲየም ውጭ ይበዛል፣ ፖታሲየም ውስጥ። ሶዲየሙ ከአፍዴራ በሚመጣው ጨው ውስጥ ያለው ያው ሶዲየም ነው። ሕዋሱ በበቂ ሲነካ በሮች ተከፍተው ሶዲየም ወደ ውስጥ ይጎርፋል፤ ለአፍታ ውስጡ አዎንታዊ ይሆናል። ወዲያው ፖታሲየም ሲወጣ ነገሩ ወደ ቦታው ይመለሳል። ይኼ ሁሉ በአንድ ቦታ ላይ የሚፈጀው የሰከንድ አንድ ሺኛ ገደማ ነው። አንዱ ቦታ ሲነቃ ቀጣዩን ይቀሰቅሳል፤ ምቱ በረጅሙ ጭራ፣ ማለትም በአክሰኑ፣ እየተላለፈ ይሄዳል። ከወገብ እስከ እግር ጣት የሚወርድ አክሰን አንድ ሜትር ያህል ይረዝማል። ምት ግማሽ የለውም፤ ወይ አለ ወይ የለም። ትከሻችሁን ጠበቅ አድርገው ሲጫኑ ምቱ አይተልቅም፤ በሰከንድ የሚላከው ቁጥር ይበዛል እንጂ።

ፍጥነቱ ግን ከነርቭ ነርቭ ይለያያል። ማየሊን የሚባል የስብ ሽፋን ያላቸው አክሰኖች ላይ ምቱ ከክፍተት ወደ ክፍተት እየዘለለ እስከ 120 ሜትር በሰከንድ ይደርሳል። ሽፋን የሌላቸው የሕመም ነርቮች ግን ከ0.5 እስከ 2 ሜትር ቢሄዱ ነው። በጨለማ ጣታችሁን ድንጋይ ሲመታችሁ መጀመሪያ «ነካኝ» ትላላችሁ። ከዚያ እንዳመለጣችሁ ያህል አንዲት አፍታ ታልፋለች። የሚያቃጥለው ሕመም ከዚያ በኋላ ነው እየተጎተተ የሚደርሰው።

ደረጃ 5፦ ቆሎ እየጣሉ መነጋገር

እስካሁን ሰው ሰውን ይነካ ነበር። አብዛኞቹ ነርቮች ግን አይነካኩም። በመሀላቸው ከ20 እስከ 40 ናኖሜትር የሆነ ክፍተት አለ፤ ሲናፕስ የሚባለው መገናኛ እዚህ ነው። ኤሌክትሪኩ አይሻገረውም። ምቱ አክሰኑ ጫፍ ሲደርስ ካልሲየም ይገባና በትንንሽ ከረጢት የተቀመጠ ኬሚካል ይፈስሳል። ኬሚካሉ ክፍተቱን ተሻግሮ ማዶ ባለው ተቀባይ ላይ ያርፋል።

ይኼን ለማሳየት ክቡን እንደገና ሥሩ። ሁሉም በቀኝ እጁ የገብስ ቆሎ ይጨብጥ፣ ግራ መዳፉን ይዘርጋ። የቀኝ እጅ ከጎረቤት መዳፍ በላይ ስንዝር ከፍ ይበል። ሕጉ ይኼ ነው፦ በመዳፍህ ላይ ሦስት ፍሬ ሲሞላ ብቻ አንተም ሦስት ፍሬ ልቀቅ። አንድና ሁለት ፍሬ አይበቃም። እውነተኛው ነርቭም በአንድ ጥሪ አይነሣም፤ በሺዎች ከሚቆጠሩ መገናኛዎች የሚመጣውን ደምሮ ነው የሚወስነው። አሁን አንዱን ልጅ ሽምብራ አስይዙት። አንድ ሽምብራ መዳፍ ላይ ከወደቀ አንድ ገብስ ይሰርዛል። አንጎል ውስጥ ገብሱ ግሉታሜት የሚባለው ቀስቃሽ ኬሚካል ነው፣ ሽምብራው ጋባ የሚባለው አረጋጊ። መዳፉ ካልተራገፈ ደግሞ ቀጣዩ ዙር ይበላሻል። ነርቭም ኬሚካሉን መልሶ ይሰበስባል፣ ወይም ያፈርሰዋል።

ነገሩ ኬሚካል መሆኑን ኦቶ ሎዊ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1921 አሳየ። የሙከራው ሐሳብ በሌሊት ሕልም እንደመጣለት ተናግሯል። የአንድ እንቁራሪት ልብ ነርቭ ቀሰቀሰ፤ ልቡ ቀዘዘ። ልቡ የተነከረበትን ፈሳሽ ወስዶ ነርቭ በሌለው ሌላ ልብ ላይ አደረገው። ያኛውም ቀዘዘ። ኬሚካሉ አሴቲልኮሊን ነበር፤ ሎዊም እ.ኤ.አ. በ1936 ከሄንሪ ዴል ጋር ኖቤል ተሸለመ።

ደረጃ 6፦ ቡናውና ጫቱ

ነቅተን በቆየን መጠን አንጎል ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ኬሚካል ይጠራቀማል፤ «ደክሞሃል፣ ተኛ» የሚለው እሱ ነው። የቡናው ካፌይን አዴኖሲንን ስለሚመስል ቀድሞ ተቀባዩ ላይ ይቀመጣል። አዴኖሲን ይመጣል፣ መዳፉ ግን ተይዟል። ስለዚህ ቡና ጉልበት አልጨመረላችሁም፤ የድካሙን ጥሪ ነው የዘጋባችሁ። ካፌይን በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ወደ 5 ሰዓት ይፈጅበታል። ከቀኑ 10 ሰዓት የጠጣችሁት አቦል ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ አብሯችሁ አለ። በረካ ድረስ የቆየ እንግዳ እንቅልፍ ቢያጣ አይገርምም።

ጫት ሥራው ሌላ ነው። ለጋው ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉት አነቃቂ ኬሚካሎች ከመጠን በላይ እንዲለቀቅ ያደርጋል። ምርቃናው ይኼ ነው፤ ቆሎው ሁሉ አንዴ ሲፈስ። በኋላ የሚመጣው ድብርት የፈሰሰው ሂሳብ ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖኑ ስለሚቀንስ ነው ሰው ትኩሱን የሚያሯሩጠው።

ደረጃ 7፦ ጓያን በጥንቃቄ መያዝ

ይኼኛውን ክብ ላይ አትሞክሩትም። ጓያ ውስጥ ያለው ኦዳፕ የሚባል ንጥረ ነገር ግሉታሜትን ይመስላል። ገብሱ ሳይጣል ገብስ መስሎ መዳፍ ላይ ያርፋል። ሕዋሱ ሳያርፍ እየተቀሰቀሰ ይጎዳል። በዋናነት የሚጎዱት ከአንጎል ወደ ሕብለ ሰረሰር ወርደው እግርን የሚያዙት ነርቮች ናቸው። ስለዚህ አእምሮው ደህና፣ የእግሩ ስሜት ደህና፣ እግሩ ግን ግትር ይሆናል፤ ሰውየው በጣቱ ጫፍ እየረገጠ በዱላ ይሄዳል። ጉልበቱን መታ ብታደርጉት ከማንም በላይ ይፈነጥራል፤ ከላይ የሚያላላው ነርቭ ተጎድቷላ። እ.ኤ.አ. በ1997 ደላንታ ዳውንት ላይ ከድርቅ በኋላ ብዙ ሰው በዚህ ተጎድቷል። ድርቅን የሚችለው ሰብል ጓያ ስለሆነ፣ ሌላው ሲጠፋ ሰው እሱን ብቻ በላ። የደረሰው ጉዳት አይመለስም።

ቤት ውስጥ ጓያ ካለ ውሃ ውስጥ አሳድሩትና ውሃውን ድፉት፤ ስትቀቅሉትም የተቀቀለበትን ውሃ ድፉ። መርዙን ባያጠፋውም ይቀንሰዋል። ከጤፍ፣ ከገብስ ወይም ከስንዴ ጋር ቀላቅሉት። ለብቻው ለሳምንታት ዋና ምግብ አታድርጉት። ጓያ የሚበላ ሰው እግሬ ከበደኝ፣ ባቴን ያኮማትረኛል ካለ፣ በተለይ ወጣት ወንድ ከሆነ፣ ጓያውን ያን ዕለት አቁሞ ጤና ጣቢያ ይሂድ።