ባትሪ ሳይጨርሱ ስኩተር ላይ መብራት መጨመር

ስኩተሩ ላይ መብራት ለመጨመር ያሰበ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ትልቅ ባትሪ ልግዛ?» ብሎ ነው። አትግዛ እለዋለሁ። ባትሪ ገንቦ ነው፤ ውሃ የሚያመላልስለት ስታተሩ ነው፣ ሞተሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ክፍል። ከሚገባው በላይ ከተቀዳ ትልቁም ይደርቃል፣ ትንሽ ዘግይቶ።

ስለዚህ በሂሳብ ጀምሩ። የስታተሩ አቅም በዋት የጥገና መመሪያው ላይ ይገኛል። ትንንሾቹ 50 ሲሲ ብዙ ጊዜ 100 ዋት አካባቢ ናቸው፤ 125 እና 150 ሲሲዎቹ ከዚያ ከፍ ይላሉ። ቁጥሩ አጠገብ ያለውንም አንብቡ። «በ5000 ዙር» የሚል ከሆነ፣ ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳትሰጡት በዝግታ፣ ሲሠራ የምታገኙት ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

እዚህ ላይ ቀይ የትራፊክ መብራት ላይ የቆመ ስኩተር አስቡ። ሞተሩ በሚኒሞ ነው። የፊት መብራቱ 35 ዋት ይበላል፣ የኋላው 5። ፍሬን ስለያዛችሁ ስቶፑ 21 ዋት ይወስዳል። ልትታጠፉ ፍሬቻ አብርታችኋል፤ ሁለት አምፖል፣ እያንዳንዱ 10 ዋት። ፍሬቻው ብልጭ ባለ ቁጥር 81 ዋት ደረሳችሁ ማለት ነው። ነዳጅ በኢንጀክሽን የሚረጭ ከሆነ ፓምፑና ኮምፒውተሩም ድርሻቸውን ይፈልጋሉ። የጎደለውን የሚሞላው ባትሪው ነው። ከተማ ውስጥ የሚመላለስ ስኩተር ባትሪው ቶሎ የሚደክመው ለዚህ ነው። ረጅም መንገድ ላይ ይሄ ችግር የለም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ ሬጉሌተሮች፣ ቮልቱን የሚገድቡት ዕቃዎች፣ የተረፈውን ኃይል ወደ ሙቀት ቀይረው ነው የሚያባክኑት።

እንግዲህ ከመጨመራችሁ በፊት ቀንሱ። የስቶፑን፣ የኋላውንና የፍሬቻውን አምፖል በኤልኢዲ ቀይሩ። 21 ዋት የነበረው ስቶፕ ሦስት ዋት ገደማ ይበቃዋል። ሽፋኑ ቀይ ከሆነ ቀይ ኤልኢዲ ግዙ፤ ነጩ በቀይ ፕላስቲክ ውስጥ ሲያልፍ ይደበዝዛል። ፍሬቻው ከተቀየረ በኋላ እንደ እብድ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ካለ አትደንግጡ። የድሮው ፍላሸር፣ ፍሬቻውን ብልጭ የሚያደርገው ዕቃ፣ አምፖል የተቃጠለ መስሎት ነው። ለኤልኢዲ የተሠራ ኤሌክትሮኒክ ፍላሸር ይተካበት። አንዳንዱ ሰው ሬዚስተር ይጨምራል። ያተረፋችሁትን ዋት መልሶ በሙቀት ማቃጠል ስለሆነ እኔ አልወደውም።

የፊት መብራቱ ላይ ግን ቀስ በሉ። አንጸባራቂው የተሠራው ለሃሎጂን አምፖል ቅርጽ ነው። ያገኙትን ኤልኢዲ ሲሰኩበት ብርሃኑ ይበተንና ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ያጠፋል፤ መንገዱም ያን ያህል አይታይም። ስለዚህ የፊቱን ብዙ ጊዜ እንዳለ እተወዋለሁ።

አሁን የሚጨመረውን እንምረጥ። ሁለት ትንንሽ ኤልኢዲዎች፣ እያንዳንዳቸው እውነተኛ 10 ዋት የሚወስዱ፣ ለአብዛኛው ስኩተር ይበቃሉ። «እውነተኛ» ያልኩት ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ዋት ብዙ ጊዜ ጉራ ስለሆነ ነው። ቴስተሩን 10 አምፒር ላይ አድርጋችሁ ከመብራቱ ጋር በተከታታይ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በቴስተሩ አልፎ መብራቱ እንዲደርስ፣ አገናኙና ለኩ። አምፒሩን በቮልቱ አባዙት፤ ዋቱ እሱ ነው። 20 ዋት በ12 ቮልት ሲካፈል 1.7 አምፒር ገደማ ይመጣል።

ሽቦ ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ። በአንዳንድ ስኩተሮች፣ በተለይ በቆዩትና በትንንሾቹ፣ የፊት መብራቱ ባትሪውን ሳይነካ በቀጥታ ከስታተሩ ኤሲ፣ አቅጣጫው የሚቀያየር ኤሌክትሪክ፣ ይወስዳል። ነዳጅ ስትሰጡት የሚደምቅ፣ ስትለቁት የሚፈዝ ከሆነ በዚህ ጠርጥሩ። ኤልኢዲያችሁን እዚያ መስመር ላይ ካገናኛችሁት ይንቀጠቀጣል ወይም ይቃጠላል። ባትሪው ላይ ካገናኛችሁት ደግሞ፣ የእንዲህ ዓይነቱ ስኩተር ባትሪ የሚሞላበት ኃይል ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይደክማል። ወይ በአንድ ትንሽ መብራት ተወሰኑ፣ ወይ ስታተሩንና ሬጉሌተሩን ወደ ሙሉ ዲሲ፣ እንደ ባትሪው ባለ አንድ አቅጣጫ ኤሌክትሪክ፣ ለሚቀይር ባለሙያ ስጡት። ይሄ ጓሮ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ሁሉም ነገር በባትሪ የሚሠራ ከሆነ ግን ገመዱ ቀላል ነው። የባትሪውን ኔጌቲቭ መጀመሪያ ፍቱ። ከፖዘቲቩ አንድ ሽቦ አውጡ፤ አንድ ካሬ ሚሊሜትር ይበቃል። ባትሪው አጠገብ፣ ከአንድ ስንዝር ሳይርቅ፣ ባለ 5 አምፒር ፊውዝ አስገቡ። ፊውዙ ከራቀ በመሃል ያለው ሽቦ ቢላጥ የሚያድነው የለም። ከፊውዙ ወደ ሪሌይ ይሂድ፤ ሪሌይ በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ ነው፣ እግሮቹም በቁጥር ይለያሉ። ሽቦው 30 ቁጥር ላይ ይግባ። ከ87 ወደ መብራቶቹ። 85 ኔጌቲቭ ላይ ይታሰር። 86 ከኋላ መብራቱ ፖዘቲቭ ሽቦ ምልክት ያግኝ፤ በመሃል መሪው ላይ ማብሪያ ማጥፊያ አድርጉበት። እንዲህ ሲሆን ቁልፉ ሲጠፋ መብራቱም አብሮ ይጠፋል፣ ብትረሱትም። ማብሪያው ደግሞ ቀይ መብራት ላይ ስትቆሙ በአውራ ጣት ለማጥፋት ነው፤ ከሁሉም በላይ ባትሪ የሚያተርፈው እሱ ነው።

«ለ1.7 አምፒር ሪሌይ ምን ያደርጋል?» የሚለኝ አይጠፋም። ሪሌዩ ራሱም ሁለት ዋት ገደማ ይወስዳል። ቢሆንም የቆየ ቁልፍ ውስጡ የደከመ ነው፤ ተጨማሪ ጭነት ባላሸክመው እመርጣለሁ።

የመብራቶቹን ኔጌቲቭ ቀለም የተቀባ ብረት ላይ አታስሩ፣ እስከ ባትሪው ይምጣ። መገጣጠሚያውን በናስትሮ ብቻ ጠቅልላችሁ አትተዉ፤ ሙጫው በሙቀትና በዝናብ ይለቃል። ውሃ የማያስገባ ማገናኛ ተጠቀሙ። መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ ጥግ አዙሩና ሽቦው እንዳልተወጠረ እዩ። ከጭስ ማውጫው ይራቅ።

ቀጥሎ ልኬት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ለጥቂት ሰዓት ያረፈ ደህና ባትሪ 12.6 ቮልት ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ያሳያል። ሞተሩን አስነሱ፣ ሁሉንም መብራት አብሩ፣ ነዳጅ ጨምሩ። ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ከመጣ ባትሪው እየሞላ ነው። ከ13 በታች ከቀረ ጭነቱ በዝቷል፣ አንዱን መብራት አውርዱ። ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩ ታሟል፤ አዲሶቹን መብራቶች ሳያቃጥል ይታይ። አሁን ወደ ሚኒሞ መልሱና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ቮልቱ ከ12.6 እየወረደ ከሄደ፣ ስትቆሙ የተጨመረውን መብራት ማጥፋት ግዴታችሁ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ የመብራት አይደለም። በቀጥታ ባትሪ ላይ የታሰረ የስልክ ቻርጀር ወይም የቮልት ማሳያ ስኩተሩ ቆሞም ይበላል። 20 ሚሊአምፒር ብቻ ቢወስድ በቀን ግማሽ አምፒር ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው። 5 አምፒር ሰዓት የሆነ ባትሪ በአሥር ቀን ባዶ ይሆናል፤ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ከዚያ በጣም ቀድሞ እምቢ ይላል። እነሱንም በሪሌዩ በኩል አስገቧቸው፣ ፊውዙ ከቻለ።

አቅጣጫውን ለማስተካከል ማታ ከግድግዳ አምስት ሜትር ያህል ራቁና ስኩተሩ ላይ ተቀመጡበት። ያለሰው ከተስተካከለ ስትቀመጡበት ብርሃኑ ቀና ይላል። የተጨመረው መብራት ከፊት መብራቱ ዝቅተኛ ብርሃን በታች ይረፍ። ከፊት ቀይ ወይም ሰማያዊ አታድርጉ፤ ስለ ብዛቱም የአገራችሁን ሕግ እዩ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ማታ ነድታችሁ ስትመለሱ ሞተሩን አጥፉና ፊውዙን፣ ሪሌዩንና ማገናኛዎቹን በእጅ ዳስሱ። ሪሌዩ ለብ ቢል ችግር የለውም። የጋለ ማገናኛ ካገኛችሁ ግን በደንብ አልተጨመቀም፤ ቆርጣችሁ እንደገና ሥሩት።