«ሜታይሌሽን ጂን ይዘጋል» እና ሌሎች የሚያሳስቱን ነገሮች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ፈተና ሳርም አንድ መልስ ሁሌ ይደጋገምብኛል፦ «ሂስቶን ሜታይሌሽን ጂን ይዘጋል።» ልጆቹን አልወቅስም። እኔም ለዓመታት ያስተማርኩት እንደዚያ ነው። ስህተት መሆኑ ከገባኝ ወዲህ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም።

መጀመሪያ ነገሩን እናስታውስ። በአንድ የሰው ሴል ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ቢዘረጋ 2 ሜትር ገደማ ይሆናል። ፈትል በእንዝርት ላይ እንደሚጠመጠም፣ እሱም ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ይጠመጠማል። 8 ሂስቶኖች ተሰብስበው 147 ያህል የዲኤንኤ ፊደል (ቤዝ) ጥንዶችን ይይዛሉ። ከእነዚህ ጥቅሎች የሚሠራው ክሮማቲን ነው። ሂስቶኖቹ ወደ ውጭ የወጣ ጭራ አላቸው። የምናወራው ሜታይል፣ ማለትም ትንሽ የኬሚካል ቡድን፣ በአብዛኛው እዚያ ጭራ ላይ ይለጠፋል። መለጠፉ ነው ሜታይሌሽን የሚባለው።

ከዲኤንኤ ሜታይሌሽን ጋር መቀላቀል። የስም መመሳሰል ያመጣው ነው። የዲኤንኤው ሳይቶሲን በሚባለው የዲኤንኤ ፊደል ላይ ይለጠፋል። የሂስቶኑ ላይሲን ወይም አርጂኒን በሚባሉ የፕሮቲን መገንቢያ አሚኖ አሲዶች ላይ ነው። የሚለጥፏቸው ኢንዛይሞችም የተለያዩ ናቸው።

«ይዘጋል» ብሎ መደምደም። መጠየቅ ያለብን የት ቦታ እና ስንት ሜታይል እንደተለጠፈ ነው። አንድ ላይሲን 1፣ 2 ወይም 3 ሜታይል ሊይዝ ይችላል። ኤች3 በሚባለው ሂስቶን 4ኛ ቦታ ላይ ባለው ላይሲን (ቁጥሩ የአሚኖ አሲዱን ቦታ ነው የሚያሳየው) 3 ካገኘን፣ ብዙ ጊዜ ሥራ ላይ ያለ ጂን መነሻ ላይ ነን። 9ኛው ላይ 3 ከሆነ አካባቢው ጥቅጥቅ ብሎ ታሽጓል። 27ኛው ላይ ከሆነ፣ በሌላ ጊዜ ወይም በሌላ ሴል ውስጥ ሊያስፈልግ የሚችል ጂን ተከድኗል። 36ኛው ደግሞ እየተነበበ ባለ ጂን ሆድ ውስጥ ይገኛል። ሜታይሉ ያው ነው፤ ትርጉሙን የሚለውጠው ቦታው ነው።

ሜታይሉ ራሱ ክሮማቲኑን ያጠብቃል ማለት። ይሄኛው ረቂቅ ነው። አሴታይል የሚባለው ሌላ ተለጣፊ የላይሲንን ፖዘቲቭ ቻርጅ ስለሚያጠፋ ጭራው ዲኤንኤውን የያዘበት ጉልበት ይላላል። ሜታይል ግን ቻርጁን አይነካም። ታዲያ እንዴት ይሠራል? ይህን ስጠይቅ፣ ከቤተ ክህነት ትምህርት የመጣ አንድ ተማሪዬ «መምህር፣ እንደ ድጓ ምልክት ነዋ!» አለኝ። ልቤን ነካኝ። ከፊደሉ በላይ የተጻፈችው «ይዘት» ወይም «ርክርክ» የምትባል የዜማ ምልክት በራሷ አትጮኽም። ዜማውን የሚያወጣው ምልክቷን የሚያውቀው ሰው ነው። እዚህም አንባቢ ፕሮቲኖች አሉ። ኤችፒ1 የሚባለው የ9ኛውን ላይሲን ምልክት አንብቦ ይያያዝና ክሮማቲኑን ያጠጋጋዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በልጁ ምሳሌ ነው የማስተምረው።

ጂን ወይ ክፍት ወይ ዝግ ነው ብሎ ማሰብ። ገና ምን እንደሚሆን ያልለየለት የፅንስ ግንድ ሴል ውስጥ፣ አንዳንድ የእድገት ጂኖች የ4ኛውንም የ27ኛውንም ምልክት አንድ ላይ ይይዛሉ። ይህ በ2006 ታወቀ። አንዱ ተነሥ፣ ሌላው ቆይ ይላል። ሴሉ የነርቭ ወይም ሌላ ሴል ለመሆን መንገዱን ሲይዝ፣ ብዙ ጊዜ አንዱ ምልክት ይነሣና ሌላው ይቀራል።

አንዴ ከተለጠፈ አይነሣም ማለት። ይህ እምነት በ2004 ተሽሯል። ኤልኤስዲ1 የተባለ ሜታይል የሚያነሣ ኢንዛይም ተገኘ፤ ሌሎችም ተከተሉ።

ሴል ሲከፈል ምልክቱ ሁሉ ይፋቃል ማለት። ክሮሞሶሞች ሲጠቀለሉ ኤችፒ1 በብዛት ይለቃል። ተማሪው ይህን አይቶ «ሜታይሉ ጠፋ» ይላል። አልጠፋም። ጎረቤቱ፣ 10ኛ ቦታ ላይ ያለው ሴሪን የሚባል አሚኖ አሲድ፣ ፎስፌት የሚባል ሌላ የኬሚካል ቡድን ስለተለጠፈበት አንባቢው መያዝ አቅቶት ነው። ፎስፌቱ ሲነሣ ኤችፒ1 ይመለሳል።

ምልክቱ የእውነት የሚሳሳው ከዚያ በፊት፣ ዲኤንኤው ሲባዛ ነው። አሮጌዎቹ ሂስቶኖች ለሁለቱ ቅጂዎች ይከፋፈላሉ። ክፍተቱን የሚሞሉት አዲሶቹ ግን እነዚያን ምልክቶች ገና አልያዙም። ስለዚህ ምልክቱ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ፒአርሲ2 የሚባለው የኢንዛይም ስብስብ የቀረውን የ27ኛ ላይሲን ምልክት ይይዝና ጎረቤቱ ላይ ይጽፋል። ሥራው በቅጽበት አያልቅም፤ ሴሉ ከተከፈለ በኋላም ይቀጥላል።