ለመንጋጋ ህመም ቦቶክስ ልትወጉ ነው? መጀመሪያ ይሄን አድርጉ

ባለፈው አመት ጉርሻ መቀበል አቅቶኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። አፌን ከፈት ሳደርግ ከጆሮዬ ፊት ለፊት ቀጭ ይልና አንዳንዴ እዛው ይያዛል፣ ጠዋት ስነሳ ደግሞ መንጋጋዬ ድርቅ ብሎ ነው የሚያድረው፣ ባሌ ሌሊት ሌሊት ጥርስሽን ታፋጫለሽ ይለኛል። ጆሮዬ መስሎኝ የጆሮ ሀኪም ጋ ሄድኩ፣ ጆሮሽ ደህና ነው አለኝ። ከዛ አንዷ ጓደኛዬ "ቦቶክስ ተወጊበት በቃ፣ ፊትሽም ቀጠን ይልልሻል" አለችኝና እዚህ ሜሪላንድ አንድ ሜድስፓ (የቁንጅና መርፌ የሚወጉበት ቤት) ገባሁ፣ በየጎኑ 25 ዩኒት (የመድሃኒቱ መለኪያ ነው) በ12 ዶላር ሂሳብ 600 ዶላር ከፍዬ በአስር ደቂቃ ወጣሁ። ህመሙ ግን የትም አልሄደም። ስለዚ እናንተ ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት እኔ ያላደረግኩትን አድርጉ።

መጀመሪያ ህመሙ ከየት እንደሚመጣ ለዩ፣ ዋናው ነገር ይሄ ነው። ጥርሳችሁን ግጥም አድርጉና ጉንጫችሁን ከኋላ በኩል በጣታችሁ ዳብሱት፣ ጠጠር ብሎ የሚወጣው ጡንቻ ማሴተር ይባላል። እሱን ጫን ስትሉት "አዎ ይሄ ነው የኔ ህመም" ካላችሁ ጡንቻ ሊሆን ይችላል። አሁን ደግሞ ጣታችሁን ከጆሯችሁ ቀዳዳ ትንሽ ወደፊት አድርጉና አፋችሁን ክፈቱ ዝጉ፣ እዛ የሚንቀሳቀሰው መገጣጠሚያው ነው። ህመሙ እዛ ከሆነ፣ የሚይዛችሁም ከሆነ፣ ነገሩ ሌላ ነው። በሁለቱ አጥንቶች መሀል እንደ ትራስ የምትሆን ዲስክ የምትባል ነገር አለች፣ እሷ ከቦታዋ ስትንሸራተት ነው ብዙ ጊዜ ቀጭ የሚለው (ሳያም ቀጭ ብቻ የሚል ከሆነ ግን ብዙ ሰው ጋ ያለ ነው፣ አትጨነቁ)። ቦቶክስ የሚሰራው ነርቭ ለጡንቻ የሚልከውን ትእዛዝ እየከለከለ ጡንቻውን በማላላት ነው፣ የተንሸራተተ ዲስክ አይመልስም። የኔ ችግር በአብዛኛው መገጣጠሚያው ነበር፣ የወጋችኝ ልጅ ደግሞ አፍሽን ክፈቺ እንኳን አላለችኝም። ይሄን ነገር አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። ይሄ የጣት ምርመራ የሀኪምን ቦታ አይተካም ግን ቢያንስ ምን ብላችሁ እንደምትናገሩ ታውቃላችሁ።

ቀጥሎ ማን ጋ ነው የሚኬደው? ቁንጅና ቤት አይደለም። ኦሮፌሻል ፔይን የሚባል ሙያ አለ፣ የፊትና የመንጋጋ ህመም ማለት ነው፣ አሜሪካ ውስጥ 2020 ላይ ራሱን የቻለ የጥርስ ህክምና ስፔሻሊቲ ተብሎ እውቅና አግኝቷል። እኔ ይሄን የሰማሁት ከተወጋሁ በኋላ ነው እንግዲህ። እሱ ካልተገኘ የመንጋጋ ህመም የሚያይ የጥርስ ሀኪም ወይ የመንጋጋ ቀዶ ጥገና ሀኪም ፈልጉ። ኢንሹራንሱ ላይ ቀድማችሁ ደውሉ፣ የጥርሱ "ይሄ የህክምና ነው" የህክምናው "ይሄ የጥርስ ነው" እያለ እንደ ኳስ ይቀባበላችኋል። አንዱ ምክንያት ኤፍዲኤ (የአሜሪካ መድሃኒት ተቆጣጣሪ) ቦቶክስን 1989 ላይ ለአይን ችግር፣ 2002 ላይ በቅንድብ መሀል ላለው መስመር፣ 2010 ላይ ለማይግሬን ሲፈቅድ ለመንጋጋ ህመም ግን አልፈቀደም። ሀኪም በራሱ ውሳኔ ሊሰጠው ይችላል፣ ህገወጥ አይደለም፣ ክፍያው ግን ብዙ ጊዜ ከኪሳችሁ ነው።

ከመርፌው በፊት የሚሞከረውንም ሞክሩ። ሞቅ ያለ ፎጣ፣ ለተወሰኑ ሳምንታት ለስላሳ ምግብ፣ ሽሮ ገንፎ አጥሚት፣ ማስቲካና ቆሎ ይቅር፣ ጫት የሚቅምም ካለ መንጋጋውን ለሰአታት እያሰራው እንደሆነ ይወቅ። ቀን ላይ ጥርሳችሁን መግጠም ልማድ ከሆነ "ን" በሉና ምላሳችሁን ላንቃችሁ ላይ እዛው ተዉት፣ ከንፈር ገጠም ጥርስ ለቀቅ፣ ስልካችሁ ላይ በየሰአቱ አላርም ሙሉ። ለሌሊት ናይት ጋርድ የሚባል ጥርስ ላይ የሚደረግ መከላከያ አለ፣ በልካችሁ የሚሰራው ውድ ነው ግን ከፋርማሲው ይሻላል። አንዳንድ የድብርት መድሃኒት እንደ ሰርትራሊን ያለው ጥርስ ማፋጨት ሊያመጣ ይችላል፣ የምትወስዱ ካላችሁ ለሀኪማችሁ ንገሩ፣ በራሳችሁ ግን እንዳታቋርጡ።

ይሄ ሁሉ ተሞክሮ ጡንቻ ነው ከተባለና መርፌውን ከወሰናችሁ፣ አትፈሩ ጠይቁ። ለህመም ነው ወይስ ፊት ለማቅጠን ነው ብዙ የምትወጉት? የሚወጋኝ ማነው ፈቃዱስ? ስንት ዩኒት፣ የት የት? ቦቶክስ ነው ወይስ ዲስፖርት የሚባለው ተመሳሳይ መድሃኒት? የሁለቱ ዩኒት አንድ አይደለም፣ 50 እና 50 ብላችሁ ዋጋ እንዳታወዳድሩ። ጠርሙሱንና ካርቶኑን አሳዩኝ በሉ፣ 2024 ላይ አሜሪካ ውስጥ ሀሰተኛ ቦቶክስ ተገኝቶ ሰው ታሟል፣ ኤፍዲኤም አስጠንቅቋል። እርጉዝ ከሆናችሁ፣ የምታጠቡ ከሆነ፣ ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባለው የጡንቻ በሽታ ካለባችሁ ወይ አንቲባዮቲክ ላይ ከሆናችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ። አዲስ አበባ ወይ ዱባይ ለእረፍት ሄዳችሁ በመመለሻችሁ ዋዜማ እንዳትወጉ ደግሞ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ማን ያያችኋል?

ከተወጋችሁ በኋላ በማግስቱ ምንም የለም ብላችሁ አትደንግጡ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ይጀምርና ሙሉ ለሙሉ የሚታየው ሁለት ሳምንት አካባቢ ነው፣ ከሶስት እስከ አራት ወር ይቆያል። እኔ በአስረኛው ቀን ጥብስ ማኘክ ደከመኝ፣ ይሄ የሚጠበቅ ነው አሉ፣ ፈገግታዬ ግን በግራ በኩል ጠመመ፣ መርፌው ወደፊት ሲቀርብ የፈገግታን ጡንቻ ይነካል። የእህቴ ልጅ ክርስትና ላይ የተነሳሁትን ፎቶ ሁሉ አፌን ገጥሜ ነው የተነሳሁት። ሄጄ ስነግራቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው፣ 10 ዩኒት እንጨምርልሽ፣ በግማሽ ዋጋ!

እንዲህ ከሆነባችሁ አትጨምሩ። ፊለር (ፊት ለመሙላት የሚወጋው) ቢሆን አብዛኛውን የሚያሟሟ መድሃኒት አለ፣ ቦቶክስ ግን ጊዜው እስኪያልፍ መጠበቅ ነው። ፊታችሁን በየሳምንቱ በአንድ አይነት ብርሃን ፎቶ አንሱ፣ ስንት ዩኒት የት እንደተወጋ የሚያሳየውን ወረቀት ጠይቁ፣ የመድሃኒቱ ሎት ቁጥርም (ጠርሙሱ ላይ ያለው የምርት ቁጥር) ይኑርበት፣ እሱን ይዛችሁ ሌላ ሀኪም ጋ ሂዱ። መዋጥ ወይ መተንፈስ ከከበዳችሁ ወይ ድምፃችሁ ከተቀየረ ግን ቀጠሮ ምናምን የለም፣ ወዲያው 911 ደውሉ፣ ከተወጋችሁ ሳምንት ቢያልፍም።

የኔ ፈገግታ በሶስተኛው ወር ተመለሰ። አሁን ፊዚዮቴራፒ እየሄድኩ ነው፣ አፌ ሶስት ጣት ያስገባል፣ ጉርሻ ግን አነስ አርጉልኝ እላለሁ።