«የኢቫን ኢሊች ሞት»ን በማኅበር ለማንበብ

ሌቭ ቶልስቶይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1886 ያሳተመው «የኢቫን ኢሊች ሞት» ከአጭር ልብ ወለድ የረዘመ፣ ከረጅሙ ግን በእጅጉ ያጠረ፣ 12 ምዕራፎች ያሉት ኖቬላ ስለሆነ በአንድ ምሽት ጨርሶ ለመነሣት ያጓጓል። ደሴ ውስጥ ከጥቂት ወዳጆቼ ጋር መጀመሪያ ያነበብነው እንዲሁ በጥድፊያ ነበር፤ ስንጨርስ ሁላችንም «ያሳዝናል» ከማለት በቀር የምንናገረው አጥተን ተበታተንን። በሁለተኛው ሙከራ የለወጥነው ዋና ነገር የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በመግቢያው፣ አንዴም መጽሐፉ ካለቀ በኋላ ማንበብ ነው።

አስቀድሞ ስሞቹን ማስረዳት ይገባል። «ኢሊች» የቤተሰብ መጠሪያ ሳይሆን «የኢሊያ ልጅ» ማለት ነው፤ የቤተሰቡ ስም ጎሎቪን ነው። በሩሲያውያን ዘንድ ሰውን በስሙና በአባቱ ስም መጥራት የአክብሮት ወግ ስለሆነ፣ የኢቫን ኢሊች ባልደረባ ፒዮትር ኢቫኖቪች ሲባል «አቶ» እንደተባለ መቁጠር ይቻላል። በአባቱ ስም ለሚጠራ የእኛ አገር አንባቢ ይህ አይከብደውም፤ ምላስ የሚያስረው የሚስቲቱ የፕራስኮቭያ ፌዮዶሮቭና ስም ነው፣ እሱም ከጥቂት ገጾች በኋላ ይለመዳል።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ከታሪኩ መጨረሻ ይጀምራል። የፍርድ ቤት ባልደረቦቹ የ45 ዓመቱን ዳኛ የኢቫን ኢሊችን ዜና ዕረፍት ከጋዜጣ ሲያነቡ በየልባቸው የሚያሰሉት በቦታው ማን እንደሚሾም ነው። ይህን ምዕራፍ አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው፤ ፒዮትር ኢቫኖቪች ለቅሶ ሊደርስ የሄደበት ትዕይንት ላይ ሲደርስም ይዘግይ። እንግዳው የተቀመጠበት ዝቅተኛ መቀመጫ ሽቦው የተበላሸ ነው፤ የመበለቲቱ ጥቁር ዳንቴል በጠረጴዛው ጠርዝ ሲያዝ ሊያላቅቅላት ብድግ ይላል፣ መቀመጫውም ከሥሩ ይገፋዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሴትዮዋ የምትጠይቀው በባሏ ሞት ምክንያት ከመንግሥት ምን ያህል ገንዘብ ማግኘት እንደምትችል ነው። እኛ ዘንድ እዚህ ላይ ሳቅ ተነሣ። ሆኖም ወሎ ውስጥ የቅሬ (የወሎ ዕድር) አባል የሆነ ሰው ሁሉ ድንኳን ውስጥ «ያጥናችሁ» ብሎ ከተቀመጠ በኋላ ምን እንደሚወራ ያውቃልና ሳቁ ብዙ አልቆየም። አቦሉ እስኪወርድ የሚነሣው ጥያቄም ከዚሁ ይወለዳል፦ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሰዓታችንን ያየነው መቼ ነው?

ሁለተኛውና ሦስተኛው ምዕራፍ የሹመትና የትዳር ታሪክ ስለሆኑ በፍጥነት ቢያልፉ አይጎዳም፤ መሰላሉ ጋ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። ኢቫን ኢሊች አዲሱን ቤቱን ሲያስጌጥ፣ መጋረጃው እንዴት እንዲሰቀል እንደሚፈልግ ለሠራተኛው ሊያሳይ መሰላል ላይ ወጥቶ ያዳልጠዋል፤ ጎኑንም የመስኮቱ እጀታ ይመታዋል። ሕመሙን የሚያያይዘው ከዚህች ግጭት ጋር ነው።

ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ምዕራፍ ያለው ሊጣደፉበት የማይገባ ነው። ሐኪሙ ጉዳዩ የተንሳፋፊ ኩላሊት (ከቦታው የሚንሸራተት ኩላሊት) ይሁን የትርፍ አንጀት እያለ ሲያመዛዝን፣ በሽተኛው ማወቅ የሚፈልገው ያሰጋ እንደሆነ ብቻ ነው፤ እሱ ራሱ በችሎት ተከሳሾችን ያይ በነበረበት ዓይን አሁን እሱ ሲታይ ይሰማዋል። በስድስተኛው ምዕራፍ በትምህርት ቤት የተማረው የሎጂክ ምሳሌ ትዝ ይለዋል፦ ካዩስ ሰው ነው፣ ሰው ሁሉ ሟች ነው፣ ስለዚህ ካዩስ ሟች ነው። ለካዩስ እውነት ነው፤ ግን ካዩስ፣ ቫንያ (ኢቫን በልጅነቱ የሚጠራበት ስም) ልጅ ሳለ ይወደው የነበረውን ባለመስመር የቆዳ ኳስ ሽታ ያውቅ ነበርን? በእኔ ግምት የመጽሐፉ ብርቱ ገጽ ይህ ነው። አንባቢው እዚህ ላይ መጽሐፉን አጥፎ ስለ ራሱ ኳስ ቢናገር ጊዜ አላባከነም።

ሰባተኛው ምዕራፍ ጌራሲምን ያቀርባል። ሌሎቹ «ትድናለህ» እያሉ ሲዋሹ፣ ይህ የገበሬ ልጅ የጌታውን እግሮች በትከሻው ላይ ደግፎ ሌሊቱን ይቀመጣል። ከስምንተኛው በኋላ ያሉት ምዕራፎች አጫጭር ናቸው፤ የሚሞተው ሰው ጊዜም አብሮ ያጥራል። ሦስት ቀን ሙሉ የጮኸበትን የመጨረሻውን ምዕራፍ ግን ሁሉም ለየብቻው በጸጥታ ቢያነበው ይሻላል።

በረካው ሲቀዳ ወደ መጀመሪያው ምዕራፍ ይመለሱ። በመጀመሪያው ንባብ ያለፍነው ሎሌ፣ ለእንግዳው ካፖርቱን የሚያቀብለው፣ ጌራሲም እንደሆነ አሁን ይታወቃል። ፒዮትር ኢቫኖቪች «ያሳዝናል፣ አይደል?» ሲለው የእግዚአብሔር ፈቃድ እንደሆነ፣ ሁላችንም ወደዚያው እንደምንሄድ ይመልስለታል። እንግዳው ሠረገላው ላይ ወጥቶ ወደ ካርታ ጨዋታው ይሄዳል፤ ገና የመጀመሪያው ዙር እያለቀ ስለሆነ አልረፈደበትም፣ አምስተኛ ሆኖ ይቀመጣል።